አባቴን ከመተንፈሻ ማሽን ማላቀቅ መግደል ነው ወይ?

ጥያቄ፦ «አባ፣ እንደምን ከረሙ? አባቴ 78 ዓመቱ ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ መሀል አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ሆስፒታል አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ከገባ ሦስት ሳምንት አለፈ። የሚተነፍሰው በማሽን ነው። ኩላሊቱም እየደከመ ስለሆነ ዲያሊሲስ (ደሙን በማሽን ማጣራት) ይጀመር አይጀመር እየተባለ ነው። እስካሁን አንድም ቀን ዓይኑን አልገለጠም። ሐኪሞቹ ‹ይነቃል ብለን አንጠብቅም፣ ቤተሰብ ይምከርበት› አሉን። የአንድ ቀን ሒሳቡ ከወር ደሞዜ ይበልጣል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ‹ልደታ ያለውን ኮንዶሚኒየም ሽጡ እንጂ ማሽኑ እንዳይነካ› ይላል፤ እናቴ ግን የምትኖረው እዚያው ቤት ነው። ኦርቶዶክስ የሆነው አጎቴ ደግሞ ‹የሰጠውም የሚነሣውም እግዚአብሔር ነው፤ ማሽኑን የነቀለ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ይልቅ ጠበል እንውሰደው› አለ። እኛ የሰው ሕይወት ቅዱስ ነው እየተባልን ያደግን ካቶሊኮች ነን። ታዲያ ማሽኑ ይነሣ ብዬ ብስማማ አባቴን ገደልኩት ማለት ነው?»

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እንቅልፍ አጥተሽ እንደምታነቢው ስለምገምት ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ነገሩ ሐኪሞቹ እንዳሉት ከሆነ፣ ማለትም ማሽኑ አባትሽን ወደ መዳን የማያደርሰው፣ የመጣውን ሞት ብቻ የሚያዘገይ ከሆነ፣ ይነሣ ብሎ መስማማት በካቶሊክ ትምህርት ግድያ አይደለም። ኃጢአትም አይደለም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሥነ ምግባር ትምህርት የማስተምርና በየሆስፒታሉ ሕሙማንን የምጠይቅ ካህን ነኝ። ስለ በሽታው ሐኪሞቹን ትሰሚያለሽ፤ ስለ ኅሊናሽ ግን እንነጋገር።

«የሰው ሕይወት ቅዱስ ነው» ተብለሽ ያደግሽው ልክ ነው፤ ከዚያ የሚቀነስ ነገር የለም። የቤተ ክርስቲያናችን የእምነት መጽሐፍ የሆነው ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2258 ሕይወት ከመጀመሪያዋ አንሥቶ የእግዚአብሔር የፍጥረት ሥራ ያለባት ስለሆነች ቅድስት ናት ይላል። ስለዚህም ማንም፣ በምንም ሁኔታ ቢሆን፣ ንጹሕ ሰውን በቀጥታ የማጥፋት መብት አለኝ ሊል አይችልም። አንድ ሐኪም አባትሽ እንዲሞት አስቦ መርፌ ቢወጋው፣ ከርኅራኄ የተነሣ ቢሆን እንኳ፣ ቤተ ክርስቲያን ግድያ ትለዋለች። አጎትሽ የሚፈሩት ይህን ነው፤ ፍርሃታቸው የሃይማኖት ሰው ፍርሃት ነውና አትናቂው።

ነገር ግን ቅዱስ የሆነ ሁሉ በማንኛውም ዋጋ መራዘም አለበት ብላ ቤተ ክርስቲያን አስተምራ አታውቅም። ሕይወት አደራ ናት፣ አደራ ጠባቂ ደግሞ በአቅሙ ልክ ይጠብቃል። የራሳችንን ሰው ብጹዕ ገብረ ሚካኤልን አስቢ። እምነቱን ቢተው ከሰንሰለት ይፈታ ነበር፤ አልተወም፣ በ1855 እ.ኤ.አ. በእስር እንዳለ ሞተ። በ1926 ብጹዕ ተብሎ ታወጀ። በምድር ላይ አንድ ቀን መጨመር የመጨረሻው ታላቅ ነገር ቢሆን ኖሮ ሰማዕታትን የምናከብርበት ምክንያት ባልኖረም ነበር።

ጥያቄው ማሽን ከመፈልሰፉ በፊትም ነበረ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሳላማንካ ያስተምር የነበረው ዶሚኒካዊው መነኩሴ ፍራንሲስኮ ዴ ቪቶሪያ፣ በ1546 ያረፈ ነው፣ ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት ሲጽፍ እንደ ዶሮ ያለ ውድ ምግብ ሐኪም ቢያዝም እንኳ በሽተኛው ያን የመብላት ግዴታ የለበትም አለ። ሰው እንደ አቅሙ የሚበላውን ተራ ምግብ ከበላ ይበቃዋል ማለቱ ነው። (ለበዓል ሰሞን ሾላ ገበያ ወርዶ ዶሮ የገዛ ሰው ይህን መምህር ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።) አልፎም ሄዶ፣ ሰው ሕይወቱን ለማቆየት ብሎ ርስቱን በሙሉ እንዲያወጣ አይገደድም አለ። የልደታዋን ኮንዶሚኒየም ነገር ሳነብ ትዝ ያለኝ ይህ ነው። አንቺን ያስጨነቀሽን ጉዳይ ቤተ ክርስቲያን ያሰበችበት ከ450 ዓመት በላይ ነው።

ከዚያ ማሽኑ መጣ። በኅዳር 1957 እ.ኤ.አ. የማደንዘዣ ሐኪሞች ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 12ኛን ያንቺኑ ጥያቄ ጠየቁ፤ መተንፈሻ መሣሪያ ያኔ ገና አዲስ ነበር። ጲዮስ የመለሱት እንዲህ ነው፦ ሰው ሕይወትን ለመጠበቅ መደበኛውን መንገድ የመጠቀም ግዴታ አለበት፤ መደበኛ የሚባለውም በሰው፣ በቦታ፣ በዘመንና በባህል የሚመዘን፣ ለራስም ለሌላም ከባድ ሸክም የማይሆን ነው። ስለ ቤተሰብም ለይተው ተናገሩ። ሙከራው በኅሊና ሊጫንባቸው የማይገባ ሸክም ከሆነ፣ ቤተሰቡ ሐኪሙ እንዲያቋርጥ አጥብቆ መጠየቅ ይችላል፣ ሐኪሙም እሺ ማለት ይችላል አሉ። ይህን ያሉት የሕይወትን ክብር የሚያቃልሉ ሰው አይደሉም፤ በዚያው ንግግር ሐኪም በሽተኛን ሆን ብሎ መግደል በፍጹም እንደማይፈቀድለትም ተናግረዋል።

በግንቦት 1980 እ.ኤ.አ. የቫቲካን የእምነት ትምህርት ጉባኤ ባወጣው መግለጫ ስለ ገንዘብ በግልጽ ተጽፏል። ከሚገኘው ውጤት ጋር የማይመጣጠን ሕክምናን አለመቀበል ራስን ከማጥፋት አይቆጠርም ይላል፤ በቤተሰብ ወይም በማኅበረሰብ ላይ ከልክ ያለፈ ወጪ ላለመጫን መፈለግም ተገቢ ምክንያት ተብሎ ተጠቅሷል። እኛ ሀገር ስለ ብር ማሰብ በራሱ የአባትን ነፍስ በሚዛን እንደ ማስቀመጥ ይቆጠራል። ልጆች ሒሳቡን አይተው ይጨነቃሉ፣ ከዚያ ስለ ተጨነቁ ያፍራሉ። አትፈሪ፤ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ጻፈችው። እናትሽ አርጅታ ቤት አልባ እንዳትሆን ማሰብም ከአደራው ውስጥ ነው። እሷም ሕይወቷ ቅዱስ ነው።

ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2278 እንዲህ ሲል ያስቀምጠዋል፦ ከባድ፣ አደገኛ፣ ከመደበኛው ውጪ የሆነ ወይም ከሚጠበቀው ውጤት ጋር የማይመጣጠን ሕክምናን ማቋረጥ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ሰው ሞትን ፈልጎ አያመጣም፣ ሞትን ማስቀረት አለመቻሉን ይቀበላል እንጂ። ለአጎትሽ ይህን አንብቢላቸው። «የሚነሣው እግዚአብሔር ነው» የሚለው የኢዮብ ቃል ከማሽኑ ጎን የቆመ አይመስለኝም። አባትሽን ከእግዚአብሔር እጅ ይዞ ያቆየው ሰው ሠራሽ ቱቦ ነው፤ ቱቦው ሲወጣ የሚሞት ከሆነ የሚሞተው ጭንቅላቱ ውስጥ በፈሰሰው ደም ነው።

ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊን ብዙ ሰው ስለ ሕይወት ጠበቃነታቸው ያውቃቸዋል፤ በ1995 እ.ኤ.አ. የሕይወት ወንጌል የተባለውን መልእክት የጻፉ ናቸው። በየካቲት 2005 እ.ኤ.አ. መተንፈስ ሲያቅታቸው ጉሮሯቸው ተቀድዶ ቱቦ ገባላቸው፤ ሊረዳቸው ይችል ነበርና እሺ አሉ። በመጋቢት መጨረሻ ግን ደማቸው ተመርዞ ሕመማቸው ሲጠና ሮም ወደሚገኘው ሆስፒታል አልተመለሱም። በመኖሪያቸው ቆዩ፣ ሚያዝያ 2 ቀን ዐረፉ። በሁለት ወር ውስጥ ያው ሰው አንዱን ሕክምና ተቀብሎ ሌላውን ተወ።

እስከ አሁን ያልኩት ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፣ እሱ ከተናደ ሁሉም ይናዳል። የምትመዝኑት ሕክምናውን ነው፤ አባትሽን አይደለም። በአይሲዩ በር ላይ፣ ፕላስቲክ ወንበሮቹ ላይ ተደርድረው ከሚጠብቁ ዘመዶች አፍ ደጋግሜ የምሰማው ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ከዚህ በኋላ ምን ሕይወት አለው?» ሰው ሲደክመው የሚናገረው ነው፣ አልፈርድም። ግን ውሳኔ የሚሠራበት ቃል አይደለም። ሐኪሞቹ ነገ «ሊነቃ ይችላል፣ ነገር ግን ግማሽ አካሉ አይታዘዝለትም፣ ሰውም ላይለይ ይችላል» ቢሏችሁ፣ ሽባነቱ ማሽኑን ለማንሣት ምክንያት አይሆንም። 78 ዓመቱ መሆኑም አይሆንም። በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ከቫቲካን ስለ ሰው ክብር የወጣው ሰነድ ይህን በደንብ ይለየዋል። ሰው በሥራው ክብሩን ሊያጎድፍ ይችላል፤ በድህነትና በግፍ ከክብሩ በታች እንዲኖር ሊደረግ ይችላል፤ በሕመም ብዛት ሕይወቱ ክብር ያጣ መስሎ ሊሰማውም ይችላል። በመፈጠሩ ብቻ ያለው ክብር ግን ከእነዚህ በአንዱም አይነካም። አባትሽ ዓይኑን ባይገልጥም፣ ስምሽን ባይጠራም፣ ልጅ እያለሽ እጅሽን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ያደርስሽ ከነበረው ሰው በአንዲት ጠብታ አያንስም።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝን ነገር ልናገር። ይህ ትምህርት ለድኻ ሲሆን ቶሎ ይጠቀሳል። መዳን የሚችል ሰው መክፈል ስላቃተው ብቻ «ይበቃል፣ ቤት ይሂድ» ሲባልና ከላዩ ላይ የሃይማኖት ቃል ሲደረብበት አይቻለሁ። ሸክሙ ለዚያ ቤተሰብ ከአቅም በላይ ሊሆን ይችላል፤ እነሱ አልበደሉም። የቀረነው ሰዎች ግን፣ እድሩም፣ ቁምስናውም፣ ጎረቤቱም፣ መንግሥትም፣ ከግዴታችን አልተፈታንም። የናንተ ጉዳይ ይህ አይመስለኝም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተሞክሯል። ቢሆንም ሐኪሞቹን ስትጠይቂ «ገንዘብ ባይቸግረን ኖሮ ምን ትመክሩን ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። መልሳቸው ካልተለወጠ ጥያቄው የገንዘብ አይደለም፣ ወንድምሽም ኮንዶሚኒየሙን ለማሸጥ ምክንያት አይኖረውም።

ሌሎች ጥያቄዎችም አሉ። ያለ ማሽን ለመተንፈስ ተሞክሮ ነበር ወይ? ሌላ የአንጎልና የነርቭ ሐኪም አይቶታል? የጭንቅላቱ ምስል ምን አሳየ? ዲያሊሲስ ቢጀመር ኩላሊቱን ከማገዝ ያለፈ ጭንቅላቱን የሚረዳው ነገር አለ? ከሌለ አለመጀመር ይቻላል። ጥርጣሬ ካለ ደግሞ «እስከዚህ ቀን እንሞክር፣ ለውጥ ከሌለ እናቆማለን» ብሎ መስማማት ጥሩ መንገድ ነው፤ ብዙ ሐኪሞች ይቀበሉታል። አንዴ የተጀመረ ማሽን ሊነሣ አይችልም የሚለው ፍርሃት ሰውን ሁለት ጊዜ ይጎዳል፦ አንዱ በማይጠቅም ነገር ታስሮ ይቀራል፣ ሌላው ደግሞ የሚጠቅመው ማሽን ገና ሳይሞከርለት ይቀራል። በሥነ ምግባር ዓይን የማይጠቅምን ሕክምና አለመጀመርና ተጀምሮ ማቆም አንድ ናቸው። ልብ ላይ ግን አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። (ሐኪሞቹ አንጎሉ ሙሉ በሙሉና በማይመለስ ሁኔታ ሞቷል ብለው በምርመራ ካረጋገጡ ነገሩ ሌላ ነው፤ በነሐሴ 2000 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ያን መመዘኛ በጥንቃቄ ከተሠራበት ከእምነታችን ጋር አይጋጭም ብለዋል። ካንቺ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።)

አባትሽ ራሱ ከመታመሙ በፊት ምን ይል ነበር? መጀመሪያ የሚደመጠው የእሱ ፈቃድ ነው። የኛ ሽማግሌዎች ፎርም አይሞሉም፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ግን «እኔን እንዲህ አታድርጉኝ» ወይም «እስከ መጨረሻው ታገሉልኝ» ይላሉ። ከእናትሽ ጠይቂ። ውሳኔውም ያንቺ ብቻ እንዳይሆን፤ ሚስቱ እያለች ብዕሩን አንቺ ብቻሽን መያዝ የለብሽም።

አሁን ደግሞ የማይነሣው። ከማሽኑ ይልቅ የአባትሽ ክብር የሚታየው እዚህ ነው፣ ቤተሰብም ብዙ ጊዜ ግራ የሚጋባው እዚህ ነው። ምግብና ውኃ በአፍንጫው በገባ ቱቦም ቢሆን፣ ሰውነቱ እስከ ተቀበለው ድረስ ይቀጥላል፤ ቤተ ክርስቲያን በ2007 እ.ኤ.አ. ይህን እንደ ተራ እንክብካቤ እንጂ እንደ ልዩ ሕክምና አታየውም ብላ መልሳለች። ሰውነቱ መፍጨት አቁሞ ምግቡ ሳንባው ውስጥ መግባት ከጀመረ ወይም ሥቃይ ከሆነበት መቆሙ ስህተት አይሆንም፤ ያን ሐኪሙ ይነግራችኋል። ቱቦው ከጉሮሮው ሲወጣ የመታፈን ጭንቀት እንዳይሰማው ሞርፊን ወይም ሌላ ማስታገሻ ይሰጠዋል። «ሞርፊን ከሰጡት ገደሉት» የሚል ዘመድ ሁሌም ይኖራል። ሥቃዩን ለማስታገስ በሚያስፈልገው ልክ የሚሰጥ መድኃኒት፣ ዕድሜውን ሊያሳጥር የሚችል ቢሆን እንኳ፣ የተፈቀደ ነው፤ ትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 2279 ላይ አለ። ተጨንቆ እንዲሄድ መተው ነው የሚያስነውረው።

ሌላው የእጅ ሥራ ነው። ነርሷን ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) በውኃ ነክራችሁ ከንፈሩን እንድታረጥቡ ጠይቁ፤ አፍ በማሽን ሲከፈት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ምን ቅባት እንደሚሆነው ነርሷን ጠይቁ። ፊቱ ይታጠብ፣ ጺሙ ይላጭ፣ ጥፍሩ ይቆረጥ። ስድስት ኪሎ የማዘር ተሬሳ እኅቶች ቤት ሄደሽ ታውቂ ከሆነ ነጭ በሰማያዊ ጥለት የለበሱት እኅቶች ከጎዳና የመጣ፣ ስሙን እንኳ የማይናገር በሽተኛ ላይ ይህንኑ ሲያደርጉ አይተሻል። እዚያ መተንፈሻ ማሽን አይደለም የሚታየው። ሳህን፣ ሳሙና፣ ፎጣ፣ ማንኪያ ነው። የሰው ሕይወት ቅዱስ መሆኑን አምኖ የሚኖር ቤት ቢባል ከተማችን ውስጥ ከዚያ የቀደመ አላውቅም።

ጠበሉን በተመለከተ ከአጎትሽ ጋር አትጣሉ። በማሽን ያለን ሰው አንሥቶ መውሰድ መንገድ ላይ መግደል ይሆናል፤ ጠበሉ ግን ወደ እሱ ሊመጣ ይችላል። አስፈቅዳችሁ ግንባሩን አስነኩት፤ አጎትሽም የዳዊትን መዝሙር ያንብቡለት። እሳቸው ከአልጋው አጠገብ ሥራ ካገኙ ክርክሩ ይቀንሳል፣ በብዙ ቤተሰብ አይቻለሁ።

የወንድምሽ ግን ይከብዳል። ሩቅ ያለ ልጅ እጁን መያዝ ስለማይችል ገንዘብ ይልካል፣ ገንዘብ አልበቃ ሲል የቤት ሽያጭ ያዝዛል። ክፋት የለበትም። ሐኪሙ ሲያስረዳችሁ በቪዲዮ አስገቡት፤ ካንቺ አፍ የሰማውንና ከሐኪሙ አፍ የሰማውን እኩል አይቀበልም። ከዚያ ስልኩን አባትሽ ጆሮ ላይ አድርጊና ብቻውን እንዲያወራው ተዉት። ይቅርታ የሚጠይቀው ነገር ካለ ይጠይቅ። መምጣት የሚችል ከሆነና ሐኪሞቹ ጥቂት ቀን መጠበቅ ይቻላል ካሉ፣ እሱ እስኪደርስ ማቆየትም ምንም ነውር የለውም።

ለካህን ቶሎ ደውሉ። ቅብዓ ሕሙማን ለታመመ ሰው የሚሰጥ ምስጢር ነው፤ ሰዎቻችን ግን የሞት ማወጃ ይመስላቸውና እስትንፋስ ሲቆም ይደውላሉ፣ ካህኑ ሲደርስ ጊዜው ያልፋል። አባትሽ ራሱን ባያውቅም ቢችል ይፈልገው እንደ ነበር ስለምታውቁ ይሰጠዋል። አይሲዩ የመጠየቂያ ሰዓቱ አጭር ስለሆነ ካህኑ በር ላይ እንዳይመለስ ለክፍሉ ኃላፊ ቀድማችሁ ንገሩ።

ቀኑ ሲቆረጥ ሰዓቱን ቤተሰቡ ተሰብስቦ በሚገኝበት ጊዜ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ፤ ሌሊት ላይ ባይሆን ይሻላል። ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ደቂቃዎች ሊሆን ይችላል፣ ሰዓታት ሊሆን ይችላል፣ ቀናትም ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙም በትክክል አይነግራችሁም። አንዳንዱ ቤተሰብ ቶሎ ይሆናል ብሎ ይጠብቅና ሳይሆን ሲቀር «እንዲያውም ሊድን ነበር» ብሎ ይደነግጣል፤ ለዚያ ቀድማችሁ ተዘጋጁ። አተነፋፈሱ ይለወጣል፣ አንዳንዴ ይጮኻል፤ ያ ድምፅ እሱን እያሠቃየው ይሁን አይሁን ነርሷን ጠይቁ እንጂ በግምት አትረበሹ። ተራ ገብታችሁ አጠገቡ ቁጭ በሉ፤ እናትሽ ግን ትብላ፣ ትተኛ፣ የደም ግፊት መድኃኒት ካላት አትርሳ። ለእድሩ ሊቀ መንበር አሁን መናገር የለባችሁም፤ ስልክ ቁጥሩን ግን ከናንተ አንዱ ይያዘው።